ለጨጓራ ባክቴሪያ የታከምኩበት ክሊኒክ፦ ከ5 ኮከብ 3

ስሙን አልጠራም፣ ሰፈራችን ያለ ትንሽ ክሊኒክ ነው። ባዶ ሆዴን ሲሆን ያቃጥለኛል፣ ሽሮ ስበላ ይነፋኛል፣ እናቴ "ተልባ ጠጣ" ብላኝ ወራት ሙሉ ጠጥቼ ሲያቅተኝ ነው የሄድኩት።

ሐኪሟ ጎበዝ ናት። በሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ አገኘችብኝ፣ ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። በርበሬ ማቃጠሉን ያባብሰው ይሆናል እንጂ ባክቴሪያውን አያመጣም አለችኝ (እኔ እኮ ሚጥሚጣዬን ስረግም ነበር!)። የ14 ቀን መድኃኒት አዘዘችልኝ፦ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል፣ በቀን ሁለቴ። ሁለቱን ሳምንት አፌ ብረት ብረት አለኝ፣ ግን ቢሻልህም እንዳታቋርጥ ብላ አስጠንቅቃኝ ስለነበር ጨረስኩት።

ሁለት ኮከብ የቀነስኩት ለክትትሉ ነው። ከወር በላይ ቆይቼ ስመለስ እሷ የለችም። ሌላው ሐኪም የደም ምርመራ አዘዘ፣ "አሁንም ፖዘቲቭ ነህ" ብሎ ያንኑ መድኃኒት ሊደግምልኝ! ለካ የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ እሱ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ሌላ ቦታ በሰገራ ሳስመረምር ነጻ ነኝ። ድጋሚ በሰገራ ከመመርመር በፊት አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉ ከቆመ 2 ሳምንት ማለፍ እንዳለበት እንኳ የነገረኝ የዚያኛው ላብራቶሪ ባለሙያ ነው።

ወረፋው? ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ እርሱት።