1ኤችዜድ ወይስ ዲፎርዲ? ናፍጣው እንዴት እንደሚቃጠል አይቶ መምረጥ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ብዙ ገዢ ዓይኑን የጣለው አገር ውስጥ ባሉት ላይ ነው። ሀርድቶፕ ላንድክሩዘር ልግዛ ወይስ ፕራዶ የሚል ሰው ወንበርና ጎማ ከማየቱ በፊት ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ሥር የሚሆነውን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ሀርድቶፑ ላይ ያለው 1ኤችዜድ 4,164 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው። ፕራዶና ቪጎ ላይ የሚገኘው፣ ሰው ዲፎርዲ የሚለው 1ኬዲ ደግሞ 2,982 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደርና ባለ ቱርቦ ነው።

የናፍጣ ሞተር በብልጭታ አይነሳም። ፒስተኑ አየር ብቻ ጨምቆ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግለዋል፤ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይያያዛል። ከመረጨቱ እስከ መያያዙ ግን ትንሽ መዘግየት አለች። በዚያች ቅጽበት የተጠራቀመው ናፍጣ በአንድ ጊዜ ቦግ ሲል የሚሰማው ነው ያ የምናውቀው የናፍጣ ሞተር ኳኳታ።

1ኤችዜድ ናፍጣውን ፒስተኑ ላይ በቀጥታ አይረጭም። ቴስታታው ውስጥ ትንሽ ክፍል አለች። አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ተገፍቶ ሲገባባት ይሽከረከራል፣ ኢንጀክተሩ (ናፍጣ የሚረጨው አፍንጫ) በ150 ባር ግፊት አካባቢ ይረጫል፣ እሳቱ እዚያ ይነሳና ወደ ፒስተኑ ይወጣል። አየሩ ራሱ ስለሚያማስለው ርጭቱ ወፈር ቢልም ይቃጠላል፤ የዚህ ሞተር ቻይነት ምስጢሩ ይኸው ነው። በሌላ በኩል የክፍሏ ግድግዳ ሙቀት ይሻማል። ጨመቃው 22 ለ1 ያለፈው፣ ማለዳ ማሞቂያው ካንዴላ ሳይግል የሚያስቸግረው፣ በቀጥታ ከሚረጭ ሞተር ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚበልጥ ናፍጣ የሚጠጣውም ለዚህ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚጠጣ መኪና በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 12 በመቶው ብቻ 432 ሊትር ነው።

ዲፎርዲ ሌላ ነገር ነው። ፖምፓው ናፍጣውን እስከ 1,600 ባር ጨምቆ አንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ ያኖረዋል፤ እያንዳንዱን ኢንጀክተር በሰዓቱ የሚከፍተው ኮምፒዩተር ነው። ከዋናው ርጭት በፊት ጥቂት ጠብታ አስቀድሞ ስለሚለቅ ኳኳታው ይለዝባል። ርጭቱ እንደ ጭጋግ ስለሚደቅ ማሽከርከሪያ ክፍል ሳያስፈልግ ፒስተኑ ላይ በደንብ ይቃጠላል። ነገር ግን የኢንጀክተሩ ቀዳዳ ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ውኃ ወይም ደቃቅ አቧራ የገባበት ናፍጣ ይፍቀዋል፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ደግሞ ማለስለሻው ስለሚሳሳ ፖምፓውን ይበላዋል። የተበላ ኢንጀክተር ጭጋግ መርጨቱ ይቀርና ያንጠባጥባል፤ ጠብታው ፒስተኑ አናት ላይ ሲነድ ፒስተኑ ይሰነጠቃል። ነጭ ጋዝ የ1ኤችዜድንም ፖምፓ ይጎዳል፣ ያኛው ግን እያስጠነቀቀ ቀስ ብሎ ነው የሚደክመው።

ከፍታ ላይ ፍርዱ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው 4.2 ሊትር ሞተር እዚህ የሚያገኘው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ 3.3 ሊትር ሞተር የሚስበውን ያህል ነው። እንጦጦ ሽቅብ ሀርድቶፕ ጥቁር ጭስ የሚተፋው ናፍጣው እንዳለ ሆኖ አየሩ ስላነሰው ነው፤ ፖምፓውን ‹‹ጉልበት እንዲጨምር›› ያስከፈተ ባለቤት ካለማ ጭሱ ይብሳል፣ ሞተሩም ይግላል። በዚህ ሞተር ላይ ሙቀት ጠላት ነው፤ ቴስታታው በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። ዲፎርዲ አየሩን በቱርቦ ስለሚያሟላ ዳገቱን ሳይንገዳገድ ይወጣዋል።

በእኛ ግምት ከከተማ ርቆ ለሚሠራ፣ አልፎ አልፎም ከበርሜል ወይም ከጀሪካን ለሚቀዳ ሰው 1ኤችዜድ ይሻላል። ከታወቀ ማደያ ለሚቀዳ፣ አስፋልት ለሚበዛበትና ስካነር (የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ጋራዥ በቅርቡ ላለው ዲፎርዲ ወጪውን ያካክሳል። በየትኛውም ላይ የናፍጣ ፊልትሮውን ሥር ከፍቶ ውኃ ማፍሰስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስትገዙ ማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሂዱ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ቅጠሩ። 1ኤችዜድ ሲነሳ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ለረጅም ጊዜ ከተነፈሰ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ካንዴላውን፣ የፖምፓውን አሰካክና ጨመቃውን አስፈትሹ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። የዘይት መሙያ ክዳኑን ስትከፍቱ እንፋሎቱ ገፍቶ የሚወጣ ከሆነ የፒስተኑ ቀለበቶች ደክመዋል።

ዲፎርዲ ላይ ስካነር አስገጥሙና እየሠራ ሳለ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ማስተካከያ ቁጥር እዩ፤ ከ+3 በላይ ወይም ከ-3 በታች የወጣ ካለ ዋጋው ላይ ተደራደሩ። ከዚያ በአራቱም መመለሻ ቱቦ ላይ ጠርሙስ አድርጋችሁ አወዳድሩ፤ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሞላው የተበላው ነው። ከሁሉ የሚከፋው በዓይን የማይታየው ነው፦ ኢንጀክተሩ ሥር ያለው የመዳብ ማሸጊያ ሲያልፍ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ወደ ጥቁር ጭቃ ይለወጣል፣ ጭቃው የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ስለዚህ ማሸጊያው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። መልስ ከሌለ፣ ወንፊቱ ወርዶ ሳይታይ ቀብድ አትስጡ።