ኮይሎቨር በጎንደር ኮብልስቶን ላይ፦ ለአሮጌ ቢኤምደብልዩ የመረጥሁት ሞላና ሾክ

የምነዳው መኪና እ.ኤ.አ. በ1993 የተሠራ ቢኤምደብልዩ 325አይ ሲሆን፣ ወዳጆቹ ኢ36 በሚለው የፋብሪካ መለያው ያውቁታል። ባለ ሁለት ሊትር ተኩልና ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 192 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ ስስ አየር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ስለዚህ እዚህ የእንዲህ ዓይነቱ መኪና ደስታ በአብዛኛው የሚገኘው ከአካሄዱ ነው፦ ወደ ጎሃ ኮረብታ በሚያወጣው መታጠፊያ ሳይንጋደድ ሲዞር፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ በሚወስደው አስፋልት ላይም መሪውን ወዲያው ሲታዘዝ። የደከመ ሾክና የላላ ሞላ ይህን ሁሉ ይወስዱታል።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በእጅ ያለውን መኪና ማደስም ሆነ ለማደሻ የሚሆነውን ዕቃ መግዛት ከቀድሞው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ ለመግዛት ዐቅም ላያገኝ ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ይህን ግምገማ በዝርዝር ለመጻፍ ያነሣሣኝም ያ ስሕተት ነው።

ኮይሎቨር የሚባለው ሾክ አብዞርበሩና ሞላው አንድ ላይ የተገጣጠሙበት፣ በሾኩ አካል ላይ በወጣው ጥርስ ሞላው የሚያርፍበትን ቀለበት በማዞር የመኪናውን ቁመት ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚቻልበት ዕቃ ነው። በኢ36 ላይ ይህ አሠራር በተሟላ ሁኔታ የሚገኘው በፊት እግሮቹ ብቻ ነው። ከኋላ ሞላውና ሾኩ ከፋብሪካው ጀምሮ ለየብቻ የተቀመጡ ስለሆኑ፣ አብዛኞቹ አምራቾች ለኋላው የሚልኩት ለብቻው የሚቆም ሾክና የራሱ ቁመት ማስተካከያ ያለው ሞላ ነው። ሣጥኑን ሲከፍት የተሳሳተ ዕቃ የተላከለት መስሎት የሚደነግጥ ገዢ እንዳይኖር ይህን አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ።

በመጀመሪያ የገዛሁት ስሙን እዚህ የማላነሣው ርካሽ ዕቃ ነበር። የሳበኝ ብዙ የማጥበቂያና የማላያ ደረጃ ስላለው ነው፤ ማዞሪያውን ከዳር እስከ ዳር እየሞከርሁ ስነዳ ግን በግልጽ የሚለዩት ሁለት ወይም ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያ የባሰው የራሴ ጥፋት ነው። መኪናው ጎማው ላይ የተቀመጠ እንዲመስል እጅግ ዝቅ አድርጌ አስገጠምሁት። ሾኩ ወደ ላይ የሚጨመቅበት ርቀት በጣም ስላጠረ በየጉብታው መጨረሻው ላይ ካለው ማቆሚያ ላስቲክ ጋር ይጋጭ ነበር። ማቆሚያው ላይ የደረሰ ሾክ ሥራውን አቁሟል ማለት ነው፤ ምቱ በቀጥታ ወደ አካሉ ያልፋል፣ ጎማውም መሬቱን ይለቃል። ክረምቱ ሳይወጣ አንደኛው የፊት ሾክ ዘይት ማልቀስ ጀመረ፣ የቁመት ማስተካከያዎቹ ቀለበቶች በጭቃና በዝገት ተጣብቀው አልዞር አሉ፣ ከኋላ ደግሞ ሾኩ ከላይ የሚታሰርበት ላሜራ መሰንጠቁን አየሁ። ይህ የላሜራ ቦታ የኢ36 የታወቀ ድክመት ስለሆነ፣ ማንኛውንም ጠንካራ ሾክ የሚያስገጥም ሰው ማጠናከሪያ ሳህንና የበረታ የላይኛ መያዣ አብሮ ማሰብ አለበት።

ሁለተኛውን ዕቃ ስመርጥ መነሻ ያደረግሁት የከተማችንን መንገድ ነው። በሠፈር ውስጥ ኮብልስቶን አለ፤ በዋናው መንገድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች አሉ፤ ከከተማ ሲወጡ ደግሞ ፍጥነት የሚፈቅድ ጠመዝማዛ አስፋልት ይጀምራል። እነዚህ ከሾኩ የሚጠይቁት የተለያየ ነገር ነው። መኪናው በመታጠፊያ ላይ ሲንጋደድ የሾኩ ፒስተን የሚንቀሳቀሰው በዝግታ ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ ጠንከር ብሎ አካሉን እንዲይዝ ይፈለጋል። ጎማው የኮብልስቶን ጠርዝ ሲመታ ግን ፒስተኑ የሚሮጠው እጅግ በፍጥነት ነው፤ በዚህ ጊዜ የውስጥ ቫልቩ ተከፍቶ ዘይቱን ካላሳለፈ ሾኩ እንደ ብረት ዘንግ ይሆናል፣ የተሳፋሪው ወገብም ይከፍላል። የጥሩ ሾክ ዋጋ ያለው በዚህ ቫልቭ ውስጥ ነው። የማዞሪያ ደረጃ ብዛት ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይነግረንም።

ለንጽጽር ያቀረብኋቸው ሦስት ነበሩ። የታይዋኑ ቢሲ ሬሲንግ ቢአር 30 የማስተካከያ ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ ቁመቱ የሚለወጠው ከታችኛው መያዣ ስለሆነ መኪናው ዝቅ ሲል የሾኩ የእንቅስቃሴ ርቀት አይቀንስም፤ ይህ ለእኛ መንገድ ትልቅ ጥቅም ነው። የጀርመኑ ኬደብልዩ ቫሪያንት 1 አካሉ ከማይዝግ ብረት የተሠራ በመሆኑ ለክረምት ጭቃ የሚመች ነው፤ የሾኩ ጥንካሬ ግን አይስተካከልም። ማስተካከል የሚፈልግ ሰው ሾኩ ሲመለስ ያለውን ብቻ የሚያስተካክለውን ቫሪያንት 2ን፣ ወይም ሲጨመቅም ሲመለስም ያለውን ለየብቻ የሚያስተካክለውን ቫሪያንት 3ን መግዛት ይኖርበታል። ሦስተኛው የሌላው የጀርመን አምራች የቢልስታይን ቢ14 ነው፤ ይህም ቁመቱ እንጂ ጥንካሬው አይስተካከልም።

የመረጥሁት ቢ14ን ነው። ዋናው ምክንያቴ አሠራሩ ባለ አንድ ቱቦ መሆኑ ነው። በባለ አንድ ቱቦ ሾክ ውስጥ ዘይቱና ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ በተንሳፋፊ ፒስተን ተለይተው ስለሚቀመጡ፣ ረጅም ኮብልስቶን ላይ ያለ ዕረፍት ቢመታም ዘይቱ ከጋዝ ጋር ተቀላቅሎ አረፋ አይሠራም፤ የቱቦው ግድግዳም በቀጥታ ለአየር የተጋለጠ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል። ጥንካሬው አለመስተካከሉንም እንደ ጉድለት አልቆጠርሁትም፤ ሞላውንና ቫልቩን ያጣጣመው አምራቹ ራሱ ስለሆነ፣ መለኪያ መሣሪያ የሌለኝ ሰው በግምት ከማበላሸው እርሱ ያስተካከለው ይሻለኛል። መነካካት ለሚወድ ሰው አሥር ደረጃ ያለው ቢ16 አለ።

ዕቃውን ይዤ ጋራዥ ስደርስ አንጋፋው መካኒክ ሣጥኑን እንኳ ሳይከፍቱ መኪናውን በክሪክ አነሡት፤ «ልጄ፣ መጀመሪያ ጎሚኒዎቹን እንይ» አሉኝ። ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት የፊት ክንዶች (ኮንትሮል አርም) ጎሚኒዎች፣ ማለትም የመጋጠሚያ ላስቲኮች፣ ተሰነጣጥቀው፣ የኋላ ክንዶቹም ጎሚኒ ልል ሆኖ ተገኘ። «ጋሼ፣ እነዚህን በኋላ ብንቀይራቸውስ?» ብላቸው፣ አዲሱ ሾክ ያረጀውን ጎሚኒ በወር ውስጥ እንደሚጨርሰው አስረዱኝ። ልክ ነበሩ። ጠንካራ ሾክ ቀድሞ ለስላሳው ሾክ ይሸፍነው የነበረውን ልልነት ሁሉ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ስለዚህ ጎሚኒዎቹን፣ የፊት የላይኛ መያዣዎችን፣ ከኋላም ማጠናከሪያ ሳህኑን አንድ ላይ አስገባን። ሌላው ከእርሳቸው የተማርሁት፣ የጎሚኒ ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በአራት ጎማው ከቆመ በኋላ መሆኑን ነው፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ጎሚኒው መኪናው መሬት ሲነካ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ቁመቱን በአምራቹ ከተፈቀደው ውስጥ ከፍተኛው ላይ አደረግነው። መለኪያችን ከቸርኬው መሐል ከጎማው በላይ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ያለው ርቀት ነበር፤ ጎማው ሲያረጅ ወይም ነፋሱ ሲጎድል ይህ ርቀት አይለወጥምና ከመሬት ከመለካት የተሻለ ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ነድቼው ሞላዎቹ ከተቀመጡ ወዲያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አስደረግሁ። አሥር ሚሊሜትር እንኳ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት የጎማውን አቅጣጫ ስለሚለውጥ፣ ይህን የዘለለ ሰው አዲስ ጎማ ውስጥ ውስጡን በልቶ ሲያልቅ ያገኘዋል።

አሁን አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፏል። በኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲነዳ ከፋብሪካው ሞላ ይልቅ ጠጠር ማለቱ ይሰማል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም፣ እናቴም ከኋላ ስትቀመጥ ትናገረዋለች። ፍጥነቱ ትንሽ ሲጨምር ግን ምቱ ክብ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ መትቶ ይቆማል እንጂ እንደ ቀድሞው አያንቀጠቅጥም። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ለውጥ ከጠበቅሁት በላይ ነው። መሪው ሲዞር አፍንጫው ይከተላል፣ በመታጠፊያ መሐል ጉድፍ ቢያጋጥም እንኳ መኪናው መስመሩን አይለቅም፣ ፍሬን ሲያዝም የፊቱ ዘፍ አይልም።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ቢ14 ለሁሉም የሚሆን አይደለም። መኪናውን ከፋብሪካው ቁመት በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ሚሊሜትር ዝቅ ለማድረግ የተሠራ ስለሆነ፣ ከፍተኛው ላይ ሆኖም በረጃጅም ጉብታዎች ላይ በሰያፍ መውጣት ግድ ይለኛል። ቤቱ ከአስፋልት ርቆ ወጣ ገባ መንገድ ላይ የሆነ፣ ወይም ዘወትር አምስት ሰው የሚጭን ባለቤት፣ የፋብሪካውን ሞላ በአዲስ ተክቶ ለዚያው ቁመት ከተሠራው ቢልስታይን ቢ6 ጋር ቢያጣምረው ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ የሾኩን ጥራት ያገኛል፣ ከመሬት ያለውን ክፍተትም አያጣም። ቢ14ን የሚመርጥ ሰው ደግሞ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ጥርሶቹን በውኃና በብሩሽ አጥቦ፣ ሲደርቁ ግሪስ ይቀባቸው፤ በዚህ ክረምት መጨረሻ የፊት ቀለበቶቼን ለመሞከር ሳዞራቸው በእጅ ቁልፍ ያለ ችግር ዞረዋል።