ላፕቶፓችሁን «ወደ 11 እናሳድግላችሁ» ለሚሏችሁ ከመስጠታችሁ በፊት

ሰሞኑን በአያት፣ በጣፎና በካራ መስመር አንድ ነገር በዝቷል። የኮምፒውተር ቤቶች በር ላይ «ዊንዶውስ 10 ተዘግቷል፣ ዛሬውኑ ወደ 11 እናሳድጋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ሥራው በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ጣጣው የሚመጣው ላፕቶፑ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ገንዘባችሁንም ፋይላችሁንም እንዳታጡ ይህን አንብቡልኝ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ድጋፍ ቆመ ማለት ግን ኮምፒውተሩ ይቆማል ማለት አይደለም። እንደ ድሮው ይነሳል፣ ይሠራል። የሚቀርበት የደህንነት ማሻሻያው ነው። እሱም ቢሆን ለግለሰብ ተጠቃሚዎች ቢያንስ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚራዘምበት መንገድ ተከፍቷል። ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ የመመዝገቢያ ማስፈንጠሪያ ይመጣል። ስለዚህ «ዛሬውኑ» የሚባል ነገር የለም። ጥድፊያውን የፈጠሩት ሻጮቹ ናቸው።

እህቴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የሂሳብ ባለሙያ ናት። የትንንሽ ድርጅቶችን መዝገብ ፒችትሪ በሚባል የሂሳብ ፕሮግራም ትይዛለች። ላፕቶፗ ያገለገለ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5፣ 6ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ)፣ ግን ምንም ችግር አልነበረበትም። ሰፈር ያለ አንድ ቤት 1,500 ብር ተቀብሎ ዊንዶውስ 11 ጫነላት። ከዚያ በኋላ ፒችትሪና ብራውዘር አብራ ስትከፍት ሃንግ ያደርጋል፣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ራሱን ያጠፋና ይነሳል። መልሳ ስትወስደው «ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል፣ 9 ሺህ ብር ያስፈልገዋል» አላት። «ወንድሜ፣ ስሰጥህ እኮ ይሠራ ነበር» ብትለው «አሮጌ ነው እህቴ፣ አዲሱ ዊንዶ ከብዶት ነው» ብሎ መለሰ። ከብዶት ከሆነ ታዲያ ለምን ጫነው? ይህን ሳይነግር ገንዘብ መቀበሉ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ።

መገናኛ አካባቢ ያለ ሌላ ባለሙያ ሲያየው ማዘርቦርዱ ደህና ነበር። የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውሱን ከስክሪኑ ክፍል ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ የዚያ ላፕቶፕ አልነበረም። በጅምላ ከሚጭን የድራይቨር ጥቅል የመጣ ነው። ዊንዶውስ 10 ተመልሶ የአምራቹ ድራይቨር ሲገባለት መቋረጡ ጠፋ።

አሁን ስለ ራሱ ስለ ነገሩ። ዊንዶውስ 11 ያለ ችግር እንዲሠራ ማይክሮሶፍት ያስቀመጠው መስፈርት አለ። ከኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል፣ ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከላከል)፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ይፈልጋል። ጀነሬሽኑን ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ማወቅ ይቻላል። ከአይ 5 ቀጥሎ 6300 ወይም 7200 ዓይነት ቁጥር ካለ 6ኛ ወይም 7ኛ ነው፤ መስፈርቱን አያሟላም። 8250 ከሆነ 8ኛ ነው። በ10 ወይም በ11 የሚጀምር ከሆነም አዲስ ነው፣ ያልፋል። እርግጠኛ ለመሆን ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራም ራሳችሁ አስኪዱት። የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ማሳደጉ ራሱ ነጻ ነው። የምትከፍሉት ለሰውዬው ጉልበትና ለኢንተርኔቱ ብቻ ነው።

የማያልፈውን ላፕቶፕ እንዴት ይጭኑታል? ፍተሻውን በሚዘል ፍላሽ ነው። ይጫናል፣ አዎ። ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። አምራቹም ለዚያ ሞዴል የዊንዶውስ 11 ድራይቨር ላያዘጋጅ ይችላል። ድራይቨር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የሚሠራው በሲስተሙ እምብርት ውስጥ ስለሆነ እሱ ሲሳሳት ሲስተሙ ፋይል እንዳይበላሽ ብሎ ሁሉንም ነገር በአንዴ ያቆማል። ሰማያዊ ስክሪን የሚባለው ይህ ነው። በቅርብ በወጡት የዊንዶውስ 11 ስሪቶች ቀለሙ ጥቁር ሆኗል፣ ነገሩ ግን ያው ነው።

ከዚህ የሚብሰው አክቲቬተሩ፣ ማለትም የዊንዶውስን ፈቃድ በማጭበርበር የሚከፍተው ፕሮግራም ነው። «አክቲቬት እናደርጋለን» ብለው ለብቻ ያስከፍላሉ፣ ከዚያ ዲፌንደርን፣ የዊንዶውስን የራሱን ጸረ ቫይረስ፣ አጥፍተው ክራክ ይጭናሉ። የባንክ አፕና የደንበኛ መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ጥበቃውን አጥፍቶ ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም ማስገባት ትልቅ በደል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አያስፈልግም። ፋብሪካው ዊንዶውስ 10 ጭኖ የሸጠው ላፕቶፕ ፈቃዱ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተመዝግቧል። ያው ዓይነት ዊንዶውስ ተመልሶ ሲጫንና ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል።

ቀድማችሁ አስጭናችሁ እየተቋረጠባችሁ ያላችሁ ደግሞ፣ «ፓርት ተቃጥሏል» ሲሏችሁ ወዲያው እሺ አትበሉ። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የስህተቱ ስም እዚያው አለ፣ አንዳንዴም ጥፋተኛው ፋይል ተጽፏል። ቀጥሎ በሴፍ ሞድ አስነሱት። ሴፍ ሞድ የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ነው የሚጭነው። እዚያ ሳይቋረጥ ከቆየ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨር ያዘነብላል። በዲቫይስ ማኔጀር የግራፊክሱንና የዋይፋዩን ድራይቨር ወደ ቀድሞው መልሱ፣ ወይም ከዴል፣ ከኤችፒ፣ ከሌኖቮ፣ ከየአምራቹ ድረ ገጽ በላፕቶፑ ሞዴል ፈልጋችሁ አውርዱ። በሴፍ ሞድም ከተቋረጠ ራሙን በዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ፣ ዲስኩን በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ አስፈትሹ። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሌላም መንገድ አለ። ኡቡንቱን በፍላሽ ይዞ ሳይጭኑ ማስነሳት ይቻላል። በእሱ ሰዓታት ሠርቶ ካልተቋረጠ «ማዘርቦርድ ነው» የሚለው ወሬ ማስረጃ ይጎድለዋል። ሙቀትንም አትርሱ። ከአቧራማ መንገድ ዳር የምንኖር ሰዎች ፋናችን ቶሎ ይደፈናል፣ ላፕቶፑም ግሎ ይጠፋል። ያንን ማጽዳት 9 ሺህ ብር አያወጣም።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ፋይላችሁ ሳይነካ በላዩ ላይ ካሳደጉት፣ እስከ 10 ቀን ድረስ ሴቲንግ ውስጥ ሪከቨሪ ገብታችሁ «ጎ ባክ» በማለት ወደ 10 መመለስ ትችላላችሁ። ፎርማት አድርገው ከጫኑት ግን ይህ መንገድ የለም። ሰፈራችን ያሉት ደግሞ ስለሚፈጥንላቸው ፎርማቱን ነው የሚመርጡት። ስለዚህ «ፎርማት ታደርገዋለህ ወይስ በላዩ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ምንም ይሁን፣ የፒችትሪ ባክአፑን፣ ፎቶውን፣ ሰነዱን ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ሳትገለብጡ ላፕቶፑን ከእጃችሁ አታውጡ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር አይጫን። መሃል ላይ ኃይል ከጠፋ ሲስተሙ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

ስትሰጡም የራሙን መጠንና የዲስኩን ሴሪያል ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። የጎረቤታችን ላፕቶፕ 8 ጊጋ ሄዶ 4 ጊጋ ሆኖ ተመልሷል፣ እሷ ግን የምታሳየው ነገር አልነበራትም።

ደረሰኝ ጠይቁ። በቴሌብር ከከፈላችሁም መልእክቱን አታጥፉ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት አገልግሎት የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሠራለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ዳር ላይ ስለምንኖር ሱቁ የት እንደሆነ ለዩ። አያት ወይም ጣፎ ኮንዶሚኒየም በኩል ከሆነ አቤቱታው ወደ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ተሻግሮ ለገጣፎ ከሆነ የሸገር ከተማ ነው፣ የአዲስ አበባው ቢሮ አይቀበላችሁም። ስትሄዱ ደረሰኙን፣ የስክሪኑን ፎቶና የሌላ ባለሙያ የጽሑፍ ማረጋገጫ ይዛችሁ ሂዱ።