ያማሃ ሲ 40 ጊታር፦ ከስምንት ወር ልምምድ በኋላ

ክላሲካል ጊታር፣ ማለትም የናይለን ክር ያለውን፣ መማር አምሯችሁ የትኛውን ልግዛ እያላችሁ ከሆነ ያማሃ ሲ 40ን ግዙ። ለጀማሪ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ስምንት ወር ሙሉ ማታ ማታ ስይዘው ከርሜያለሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ግን ይሄን አልነበረም። ከአንድ ሱቅ ርካሽ ክላሲካል ጊታር ገዛሁና አንዱ ክር ሲበጠስብኝ መልሼ ወሰድኩት። ሻጩ የናይለን ክር የለም፣ ክር ያው ክር ነው ብሎ ስድስቱንም በብረት ክር ቀየረልኝ። እኔም አላወቅኩም፣ አመስግኜ ወጣሁ። ሁለት ወር ሳይሞላው ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበት እንጨት፣ ከሳጥኑ መላቀቅ ጀመረ። በክፍተቱ ወረቀት ይገባ ነበር። ነገሩ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስድስት የናይለን ክሮች አንድ ላይ ወደ 40 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፣ የብረቶቹ ግን ወደ 70 ኪሎ ይጠጋሉ። ክላሲካል ጊታር ለዚያ ጉልበት አልተሠራም። ሌላውን ብትረሱ ይቺን አትርሱ፦ ክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር አይገባም፣ ማንም ይሁን ማን ቢነግራችሁ።

ሲ 40ን ዱባይ የሚመላለስ የአክስቴ ልጅ ነው ያመጣልኝ። ዋጋውን አልጽፍም፣ ምንዛሪው በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል። ብቻ ያማሃ ከሚሠራቸው ክላሲካል ጊታሮች ውስጥ ከርካሾቹ የሚመደብ ነው።

የፊቱ እንጨት ስፕሩስ ነው፤ ወጥ ሳይሆን ስስ ንጣፎች ተጣብቀው የተሠራ። የቆዩ ተጫዋቾች በዚህ ይነቅፉታል፣ እውነታቸውን ነው፣ ወጥ እንጨት ድምፁ ይበልጥ ይከፈታል። ግን አዲስ አበባ ላይ ከኅዳር ጀምሮ አየሩ እንዴት እንደሚደርቅ ታውቃላችሁ። ወጥ እንጨት በድርቀት ቶሎ ይሰነጠቃል፣ የተነባበረው ግን ይሻላል፣ ይችላል። ገና መያዝን ለሚማር ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አታስቀምጡት።

አንገቱ ሰፊ ነው። ከላይ በኩል 52 ሚሊ ሜትር ነው፣ የተለመደው የብረት ክር ጊታር 43 አካባቢ ስለሆነ ልዩነቱ እጅ ላይ ይታወቃል። እጄ ትንሽ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሿ ጣቴ አልደርስ ብላ ተጨንቄ ነበር። መፍትሔው አውራ ጣቴ ጋ ነበር፤ ከአንገቱ በላይ ብቅ ማለቱን ትቶ ከጀርባ መሃል ላይ ሲያርፍ ሌሎቹ ጣቶች ተዘረጉ። ለልጅ የምትገዙ ከሆነ ሲኤስ 40 የሚባል ታናሽ ወንድም አለው፤ የክሩ ርዝመት በ650 ፈንታ 580 ሚሊ ሜትር ነው።

አዲስ የናይለን ክር ይለጠጣል፣ ይሄን ቀድማችሁ ብታውቁ ጥሩ ነው። ማታ ቃኝቼው አድራለሁ፣ ጠዋት ሁሉም ወርዶ አገኘዋለሁ። የጊታሩ መቃኛ ቁልፍ ተበላሽቷል ብዬ አዘንኩ። መምህሬ "ተይው፣ ሳምንት ስጪው" አለኝ፣ በሳምንቱ ረጋ። ስልክ ላይ የሚጫን ነፃ መቃኛ ለጊዜው ይበቃችኋል።

ስቃኝ ነው አንድ ነገር ያየሁት። ስድስቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። ሚ ሁለቴ ስላለ አንዱን ትታችሁ ደርድሯቸው፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ማለት ነው! ከሶል የተነሣ፣ አንድም ድምፅ ያልጎደለው፣ አንድም ያልተረፈው። ይሄን ያወቅኩ ማታ በግራ እጄ ምንም ሳልጫን፣ ባዶ ክሮቹን ብቻ እያፈራረቅኩ ቆየሁ፣ እማዬ ከወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ማንጎራጎር ጀመረች። በሚቀጥለው ቀን የክራሩን ዜማ እየፈለግኩ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። የናይለን ክር ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ ለእኛ ቅኝት ይስማማል፣ እኔ እንዲህ ነው የሚሰማኝ።

ክላሲካልን ከሌላው የሚለየው ቀኝ እጅ ነው። ፒክ፣ ማለትም በጣት ተይዞ ክር የሚመታበት ቁራጭ ፕላስቲክ፣ የለም። አውራ ጣት ሦስቱን ወፍራም ክሮች ይይዛል፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ደግሞ ሦስቱን ቀጭን። ሌባ ጣትና መሃል ጣት እንደ እግር መፈራረቅ አለባቸው፣ አንዱን ጣት ሁለቴ መድገም አይፈቀድም። ይቺን ብቻ ወር ፈጀችብኝ። ጥፍሩም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የግራ እጄን ከርክሜ እይዛለሁ፣ የቀኙን አሳድጋለሁ፣ በሞረድ አለሰልሳለሁ። ልብስ ሳጥብ ጓንት አደርጋለሁ። አንዲት ጥፍር ብትሰበር ሳምንት ሙሉ ድምፁ ይደነዝዛል፣ እንደዚያ ሆኖብኝ አዝኜ አውቃለሁ።

ሦስተኛው ክር፣ ሶሉ፣ ከሌሎቹ ይልቅ የታፈነ ድምፅ አለው። ጊታሩ ላይ አትፍረዱ፤ ወፍራም ነጠላ ናይለን ባሕርይው እንደዚያ ነው፣ ውድ ጊታር ላይም አለ። ከአራት ወር በኋላ ዳዳሪዮ ኢጄ 45 የሚባለውን ክር ገጠምኩለት፣ ወፍራሞቹ ክሮች በጣም ጠሩ፣ ሶሉም ትንሽ ተሻለው።

የግራ እግር ማስደገፊያ ግዙ፣ ካልተገኘም ጠንካራ የእንጨት በርጩማ ይሆናል። እኔ አሮጌ የቡና በርጩማ ነው የምጠቀመው፣ ከፍታው ልክ ነው። ሰው ከውጭ ሲመጣላችሁ ደግሞ ጊታሩን ብቻ አታስመጡ፣ ሁለት ሦስት ጥቅል የናይለን ክር ጨምሩበት። እዚህ ክር ፍለጋ ስንት ሱቅ እንደዞርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።