በቤት ጥገና የተጎዳ የቲንክፓድ ቲ480 ማዘርቦርድ፦ ይጠገን፣ ይቀየር ወይስ ሌላ ላፕቶፕ ይገዛ?

ቤት ውስጥ ሲፈታ የተጎዳ ማዘርቦርድ ውሃ እንደገባበት አይደለም። ውሃ የደረሰበትን ሁሉ እየበላ ይሄዳል፤ የካቻቪቴ ወይም የብሎን ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። «ቦርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» የሚለውን መልስ ከመቀበልዎ በፊት የተነካው የት እንደሆነ ይወቁ። እዚህ የምናነጻጽረው በ2018 የወጣውን ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ይዘን ነው፤ ያገለገለው በብዛት ስለሚሸጥ ሦስቱም መንገድ ክፍት ነው።

ቲ480 ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ስህተት ከባትሪ ይጀምራል። ላፕቶፑ ሁለት ባትሪ አለው። ከኋላ ያለውን የነቀለ ሰው «ኃይል የለውም» ብሎ ይከፍተዋል፤ ውስጥ የተቀመጠው ባትሪ ግን ቦርዱን እየመገበ ነው። ከመፍታት በፊት ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ገብቶ ኮንፊግ፣ ቀጥሎ ፓወር ውስጥ የውስጡን ባትሪ ማጥፋት ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ የስክሪኑ ኬብል ጠመም ብሎ ከተነቀለ፣ የስክሪን መብራቱን የሚሸከመው ፒን ጎረቤቱን ይነካና ቦርዱ ላይ ያለው ፊውዝ ይቃጠላል።

ማስጠገን የሚያዋጣበት

ፊውዙ ብቻ ከሆነ የተቃጠለው፣ ላፕቶፑ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። የስልክ መብራት በጎን ሲያበሩበት ዊንዶውሱ ደብዝዞ ይታያል፤ በኤችዲኤምአይ ሌላ ሞኒተር ላይም በደንብ ይሠራል። ለዚህ ሙሉ ቦርድ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ባለሙያው ፊውዙን በቴስተር ይለካል፤ አዲሱን ከማስገባቱ በፊት ግን ከፊውዙ ወዲያ ያለው መስመር ከግራውንድ ጋር ሾርት አለማድረጉን ማየት አለበት። ያለዚያ አዲሱም ወዲያው ይቃጠላል። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ የሚያስር ካጋጠመዎት ላፕቶፑን ይውሰዱበት፤ በሚቀጥለው ሾርት የሚነደው ኬብሉ ወይም ስክሪኑ ራሱ ነው።

የተገነጠለ ሶኬትና ማቀዝቀዣው ሲነሳ በካቻቪቴ የተፋቀ ካፓሲተርም (ቦርዱ ላይ ያለች፣ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ) የሚጠገኑ ናቸው። የወደቀችውን ካፓሲተር ካገኟት በፕላስተር ለጥፈው ይውሰዷት፤ መጠኗ ይጠቅማል። ላይዋ ላይ ግን ምንም ስላልተጻፈ ባለሙያው የምትይዘውን የኤሌክትሪክ መጠን ከቦርዱ ንድፍ ማየት ወይም ከተመሳሳይ ቦርድ መንቀል ይኖርበታል።

ጥገናን ውድ የሚያደርገው ከጉዳቱ በኋላ ቤት ውስጥ የሚጨመረው ነው። በትልቅ ሳልዳቶሪ ሲሞከር ስታኞ የሚይዝባቸው የመዳብ ነጥቦች ከቦርዱ ይላጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው በማይክሮስኮፕ ሥር በፀጉር ቀጭን ሽቦ መስመር መዘርጋት ይሆናል።

ቦርድ መቀየር የሚሻልበት

ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ገብቶ ቦርዱን ከወጋ፣ በውስጥ የተደራረቡት የመዳብ ንብርብሮች እርስ በርስ ይነካካሉ። እንዲህ ያለው ቢጠገንም ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። ከፍተኛ ቮልት ፕሮሰሰሩ ጋ ከደረሰም ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አብሮ ይቀየራል። ራሙና ኤስኤስዲው ግን ተነቃይ ናቸው፤ ወደ አዲሱ ይዛወራሉ።

ያገለገለ ቦርድ ሲገዙ ወጥመዱ ብዙ ነው። ኤምኤክስ150 ግራፊክስ ያለውና የሌለው ቦርድ ማቀዝቀዣቸው ስለሚለያይ የድሮውን ቦርድ መለያ ቁጥር ፎቶ አንስተው ያመሳስሉ፤ በተለይ ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልክልዎ ከሆነ፣ መመለስ ከባድ ነው። ኤፍ1 ተጭነው ባዮስ ያለ ፓስወርድ መግባቱን ይዩ። የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ (ባዮሱን የሚቆልፈው) ያለበትን ቦርድ ሌኖቮ ራሱ የሚለው «ቦርዱ ይቀየር» ነው። በሁለቱም ዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ ያስደርጉት፤ ፈርምዌሩ (የቺፑ ውስጣዊ ሶፍትዌር) ያልታደሰ ቲ480 የተንደርቦልት (ፈጣኑ የዩኤስቢ-ሲ ዓይነት) ችግር ይይዘውና በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ ማድረግ ሊያቆም ይችላል።

ሌላም አለ። የዊንዶውስ ፈቃድ ከቦርዱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ እንደገና ማግበር ሊጠየቁ ይችላሉ። ቢትሎከር (ፋይልን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መመስጠሪያ) በርቶ ከነበረ ደግሞ ኤስኤስዲው አዲስ ቦርድ ላይ ሲገባ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉን ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ አስቀድመው ይፈልጉ፤ ከሌለ ፋይሉ አይከፈትም።

ሌላ ላፕቶፕ

ስክሪኑም፣ ባትሪዎቹም፣ ኪቦርዱም የደከሙ ከሆነ፣ ወይም ቦርዱ ከነእጅ ዋጋው ከአንድ ያገለገለ ቲ480 ግማሽ ካለፈ፣ በእኛ ግምት ሙሉውን መግዛት ይሻላል። የድሮው ለቅያሪ ዕቃ ይቀመጣል። ረከሰ ብለው ግን ወደ ቲ470 አይውረዱ። ፕሮሰሰሩ 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ስለሆነ በማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) አብቅቷል። 8ኛ ትውልድ የያዘው ቲ480 ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል።

ይህ ሁሉ ስሌት ለኤም1 ማክቡክ (የአፕል ኤም1 ቺፕ ላለው ላፕቶፕ) አይሠራም። እዚያ ፋይሉ የተቀመጠበት ቺፕ ቦርዱ ላይ የተበየደና የተመሰጠረ ነው፤ ቦርዱ ከተቀየረ ፋይሉም ይሄዳል። ባክአፕ ከሌለዎት ምንም ቢያስወጣ ያንኑ ቦርድ ማስጠገን ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ሲረከቡ ላፕቶፑ ተገጥሞ ይዘጋና ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ እያጫወተና ቻርጅ እያደረገ ይቆይ። የተነቀለውን አሮጌ ዕቃ ይጠይቁ፤ ዋስትናውም ስንት ወር እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።