«አሁን አልተክልልሽም» ላሉኝ አትክልተኛ

ሎስ አንጀለስና አካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። የጓሮ ሥራ የሚሠሩ የአገራችን ሰው ናቸው። ስማቸው እዚህ እንዳይወጣ ስለለመኑኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ደጄ ላይ የነበረው ሰርዶ የውሃ ሂሳቤን ሰማይ አድርሶት ነበር። ነቅዬው በምትኩ የጌጥ ሳር ልትከል ብዬ ካቻምና ጁላይ ላይ 12 ችግኝ ገዛሁ። ጁላይን የመረጥኩት በአገር ቤት ልማድ ነው። ሐምሌ የችግኝ ወር አይደል? እናቴ ሁሉንም የምትተክለው ሐምሌ ነበር። ጠዋት ማታ እያጠጣሁ 9ኙ ዓይኔ እያየ ደረቁ። በጣም አዘንኩ።

አምና ጁን ላይ ጋሼን በሰው በሰው አገኘኋቸው። መጡ፣ ግቢውን ዞረው አዩ፣ አፈሩን በእጃቸው ፈረፈሩት። ከዚያ «አሁን አልተክልልሽም ልጄ፤ ኦክቶበር መጨረሻ ደውይልኝ» አሉኝ። ቀብድ ብሰጣቸው እንቢ አሉ። ሥራ ፈላጊ ሰው በእጁ የገባ ሥራ ሲመልስ ስንቴ አይታችኋል?

«የእኛ ሐምሌ እዚህ ኖቬምበር ነው» ነው ያሉኝ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። አገር ቤት ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ይወርዳል። እዚህ እነዚያ ወራት ጠብታ አያዩም፤ ዝናብ ካለ ያለው በብርዱ ወራት ነው። ብርዱም ቢሆን መሬቱን በረዶ አያደርገውም። አፈሩ የበጋውን ሙቀት እንደያዘ የተተከለ ሳር ከላይ ዝም ያለ ቢመስልም ሥሩ ወደ ታች ይሄዳል። ሙቀቱ ሲመለስ ሥር ይዞ ይጠብቀዋል። የእኔዎቹን ግን ሥር ሳይሰዱ ፀሐይ ቀደመቻቸው።

በቀጠሯቸው መጡ። ጉድጓዱን ቆፍረው መጀመሪያ ውሃ ሞሉበትና እስኪሰርግ ቆመው ጠበቁ። ሳሩን ከፕላስቲኩ ሲያወጡት ሥሩ እንደ ድውር ተጠምጥሞ ነበር፤ በጣታቸው ቀስ አድርገው ፈቱት። ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበትን አንገቱን ከአፈሩ ትንሽ ከፍ አደረጉት። «ከተቀበረ ይበሰብሳል» አሉ። አፈሩን ለመሸፈን የሚነሰነሰውን ጉዝጓዝም ከአንገቱ አራቁት። ትልልቁን ልግዛ ስል በአንድ ጋሎን ፕላስቲክ ያለው ችግኝ ይበቃል ብለው ገንዘቤን አተረፉልኝ። ዲር ግራስ የሚባለውን በ1.2 ሜትር ሲያራርቁት ግቢው ባዶ መስሎኝ ነበር። አሁን ክፍተቱ እየጠበበ ነው።

ፋውንቴን ግራስም አምሮኝ ነበር። እሱን አልተከሉልኝም። ከአፍሪካ የመጣ ቢሆንም ካሊፎርኒያ ውስጥ ዘሩ ወደ ተራራው እየሸሸ የአገሩን ተክል ያጠፋል፣ እሳትም ያባብሳል አሉኝ። በምትኩ ከዛፉ ጥላ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ የሚመስል አጭር ሳር ተከሉ፤ ብሉ ፌስኪዩ ይባላል። «ይሄ የጓሳ ዘመድ ነው» ሲሉኝ ልቤ ተነካ። አባቴ የመንዝ ሰው ነበር። ጎጇቸው በጓሳ የተከደነ እንደነበር እየነገረን ነው ያደግነው።

ከጎረቤት ሥር ተከፍሎ የሚሰጣችሁ ሳር ካለ ግን ጊዜው ይለያል። ፒንክ ሙሊን የመሰለ፣ በሙቀት የሚያድግ ሳር ሲከፈል ማርች አካባቢ፣ አዲሱ ቅጠል ብቅ ሊል ሲል ይሻለዋል።

ከተከሉልኝ ሁለት ሳምንት በኋላ ማታ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። «የሳንታ አና ነፋስ ሊነሳ ነው፤ ሳትተኚ አጠጪ» አሉኝ። ከበረሃው በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ነው። ሂሳባቸውን ከወሰዱ ሰንብተዋል፣ ለዚያ ጥሪ የከፈልኳቸው ነገር የለም።

ከተከሉልኝ 15 ሳር አንድም አልሞተም። ከመካከላቸው ፒንክ ሙሊው ሰሞኑን ሮዝ አበባውን አውጥቷል፣ መንገደኛ ቆሞ ያየዋል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የኦክቶበርና የኖቬምበር ቀናቸው ቶሎ ስለሚያልቅ ዛሬውኑ ደውሉላቸው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ እግዜር ይስጥልኝ።