ፍራንቻይዝ ገዝቶ አሜሪካ መግባት፦ ኢ-2 ይሻላል ኢቢ-5?

ፍራንቻይዝ ማለት የታወቀ ድርጅት ስምና አሠራር ገዝተህ የራስህን ሱቅ መክፈት ነው። ብር ያለው ሁሉ ኢቢ-5 ኢቢ-5 (የባለሀብት ቪዛ) ይላል፣ ግን 800,000 ዶላር ታወጣለህ፣ ያውም ገጠር ወይ ሥራ አጥ የበዛበት ሰፈር ከሆነ ነው፣ ካልሆነ 1,050,000 ነው፣ በዛ ላይ 10 ሰው ሙሉ ሰዓት መቅጠር አለብህ፣ አንዲት ሳንድዊች ቤት 10 ሰው የት ታደርሳለች? ግሪን ካርድ ግን ያስገኛል።

ኢ-2 (ከአሜሪካ ጋር ስምምነት ላላቸው አገሮች ዜጎች የሚሰጥ ጊዜያዊ የባለሀብት ቪዛ) የተቆረጠ መነሻ ብር የለውም፣ ኢትዮጵያም ስምምነቱ ስላላት በፓስፖርታችን ይሰራል፣ ሚስትህም መሥራት ትችላለች። ችግሩ ሱቁ ከተዘጋ ቪዛውም አለቀ፣ ልጅህ ደሞ 21 ሲሞላው ካንተ ቪዛ ይወጣል፣ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

በሁለቱም ቢሆን ሮያሊቲ (ለስሙ ባለቤት በየጊዜው የምትከፍለው) ባብዛኛው የሚቆረጠው ከሽያጩ እንጂ ከትርፉ አይደለም፣ ከስረህም ትከፍላለህ። የፍራንቻይዙን ውል ከመፈረምህ ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ ሻጩ የሚሰጥህ ዶሴ ውስጥ ስንት ሱቅ እንደተዘጋ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ፣ መጀመሪያ እሱን ክፈት።